ዩኒ አሲስት ለፋይናንሺያል ኢኮኖሚክስ አመልካች፦ 75 ዩሮው መቼ ያዋጣል?

በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በፋይናንሺያል ኢኮኖሚክስ ማስተርስ መማር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሰነዱን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስረክበው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለዩኒ አሲስት ነው። ዩኒ አሲስት መቀመጫው በርሊን የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተ፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሲሆን 170 ገደማ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች አባል ናቸው። ሥራው ከውጭ አገር ዲግሪ ይዞ የሚመጣውን አመልካች ወረቀት መመርመር፣ ውጤቱን ወደ ጀርመን የነጥብ አሰጣጥ መቀየር፣ የተሟላውን ለዩኒቨርሲቲው ማስተላለፍ ነው። ተማሪ አይቀበልም፣ አይጥልምም። ግቢ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ እንደሚያይ ጥበቃ ነው፤ ውስጥ ያለውን ፈተና አያውቀውም፣ መታወቂያው የተበላሸበትን ግን አያሳልፍም።

ፍርዳችንን ከመጀመሪያው እንናገር። አገልግሎቱ ታማኝና ሥርዓት ያለው ነው፤ ግን ቀርፋፋ ነው፣ የኢትዮጵያን ሬጅስትራር አሠራርም አያውቅም። ከ5 ነጥብ 3.5 እንሰጠዋለን። ሰነዱን አሟልቶ፣ ቀኑ ሳይደርስ ለሚያስገባ ሰው ያዋጣል። ትራንስክሪፕቱን ሳያስተካክል፣ ማብቂያው ሲቃረብ ለሚሮጥ ሰው ግን 75 ዩሮ ከፍሎ «ሰነድዎ አልተሟላም» የሚል ደብዳቤ መግዛት ነው። በዚህ መስክ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ድክመት ሳይሆን በወረቀት ነው።

ዋጋው

በአንድ የትምህርት ዘመን አጋማሽ ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ይከፈላል። አራት ፕሮግራም ላይ የሚያመለክት 165 ዩሮ፣ አምስት ላይ የሚያመለክት 195 ዩሮ ያወጣል ማለት ነው። ሂሳቡ በሰሚስተር ስለሚቆጠር፣ ለክረምቱ ሰሚስተር ሁለት፣ ለበጋው ደግሞ አንድ ያስገባ ሰው 75 ዩሮውን ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ መርጦ ጨርሶ፣ ሁሉንም በአንድ ሰሚስተር ማስገባት ይረክሳል። ምርመራው ከተሠራ በኋላ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ገንዘቡ አይመለስም። ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያውን ራሳቸው ይሸፍናሉ፤ የመረጡት ከእነዚህ መሆኑን ቀድሞ ማየት አይከፋም።

ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያመለክቱ ለእያንዳንዱ በተናጠል የሚከፈለውን ላየ ሰው ይህ ውድ አይደለም። ችግሩ የዋጋው መጠን ሳይሆን የመክፈያው መንገድ ነው። ክፍያው የሚቀበለው በካርድ ወይም በባንክ ዝውውር ሲሆን፣ በብር የሚሠራ ተራ ኤቲኤም ካርድ ለዚህ አይሆንም። ለውጭ ክፍያ የተፈቀደ ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ሰው በደቂቃ ይጨርሳል። የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ዘመድ ነው፤ ጀርመን ወይም ሌላ የአውሮፓ አገር ዘመድ ካለ በዩሮ ዝውውር ሲልክ ወጪው ትንሽ ነው፣ በጥቂት ቀናትም ይደርሳል። ከአውሮፓ ውጭ በባንክ ከተላከ ግን መካከለኛ ባንኮች ከላይ ይቆርጣሉና 75 ተልኮ 60 ምናምን ሊደርስ ይችላል። የጎደለ ክፍያ ደግሞ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ላኪው የዝውውሩን ወጪ በሙሉ በራሱ ላይ እንዲያደርግ ለባንኩ መንገር አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ዩኒ አሲስት ለእያንዳንዱ የሚሰጠው የአመልካች ቁጥር ነው። ዘመድ ሲከፍል የላኪው ስም ከአመልካቹ ስም ጋር አይገጥምም፤ ገንዘቡን ከማመልከቻው ጋር የሚያገናኘው በዝውውሩ ምክንያት ቦታ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። «ለአበበ ትምህርት» ብሎ መጻፍ ምንም አይሠራም። ምርመራው የሚጀመረው ክፍያው ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ ቁጥር የሌለው ክፍያ ሲፈለግ ሳምንታት ያልፋሉ።

በየትኛው በር እንደሚገባ

ፋይናንሺያል ኢኮኖሚክስ የሚለውን ስም በቀጥታ የያዘ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ፕሮግራም ያለው አንዱ ዩኒቨርሲቲ ማግደቡርግ የሚገኘው ኦቶ ፎን ጌሪከ ነው፤ የውጭ ዲግሪ ያለው አመልካች የሚገባው በዩኒ አሲስት በኩል ነው። ይህን ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ብዙ ያመልጠዋል። ተመሳሳዩ ትምህርት በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ኢኮኖሚክስ ኤንድ ፋይናንስ፣ መኒ ኤንድ ፋይናንስ፣ ኳንቲታቲቭ ፋይናንስ እየተባለ ይጠራል። ቱቢንገን ያለው ኢኮኖሚክስ ኤንድ ፋይናንስ ለምሳሌ በይዘቱ በጣም ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ቱቢንገን ባደን ቩርተምበርግ ክልል ውስጥ ስለሆነ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሰሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ብዙዎቹ የሌሎች ክልሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የሚከፈለው የሰሚስተር መዋጮ ነው።

ሲያመለክቱ ሦስት ዓይነት መንገድ ያጋጥማል፣ እነዚህን ማምታታት ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው። አንደኛው ሙሉ በሙሉ በዩኒ አሲስት የሚያልፍ ነው፤ ሰነዱን እዚያ ያስገባሉ፣ እነሱ ለዩኒቨርሲቲው ያስተላልፋሉ። ሁለተኛው ዩኒ አሲስት የማይነካው፣ በዩኒቨርሲቲው የራሱ ፖርታል ብቻ የሚገባ ነው። ሦስተኛው፣ ሰው የሚጠፋበት፣ የቅድመ ምርመራ ሰነድ የሚባለው ነው፤ በጀርመንኛ ምሕጻሩ ፋው ፔ ዴ ይባላል። በዚህ መንገድ ዩኒ አሲስት ዲግሪውን መርምሮ፣ ውጤቱን ቀይሮ፣ አንድ የፒዲኤፍ ወረቀት ለአመልካቹ ይሰጣል። ያንን ወረቀት ይዞ በዩኒቨርሲቲው ፖርታል እንደገና ማመልከት የአመልካቹ ሥራ ነው። ወረቀቱ ሲደርሰው «ተቀበሉኝ» ብሎ የተደሰተ፣ ሁለተኛውን ማመልከቻ ሳያስገባ ቀኑ ያለፈበት ሰው ጥቂት አይደለም። ወረቀቱ የመግቢያ ፈቃድ አይደለም። መንገዱ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው የፕሮግራሙ የራሱ ገጽ ነው፤ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳ ባችለርና ማስተርስ የተለያየ መንገድ ሊኖራቸው ይችላል።

ሲጂፒኤው ጀርመን ሲገባ

ዩኒ አሲስት በደንብ የሚሠራው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሂሳቡ ስውር አይደለም፣ ማንም ሰው ከመክፈሉ በፊት ቤቱ ሊሠራው ይችላል። በጀርመን 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 ዝቅተኛው ማለፊያ ነው፤ የእኛ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። ቀመሩ እንዲህ ነው፦ ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የራስን ነጥብ ይቀንሱ፤ ያን ከፍተኛው ነጥብ ከዝቅተኛው ማለፊያ በሚበልጥበት ቁጥር ያካፍሉ፤ በ3 ያባዙ፤ 1 ይደምሩ። የኢትዮጵያ ከፍተኛ 4.0፣ የመመረቂያ ዝቅተኛ 2.0 ስለሆነ አካፋዩ 2 ነው።

3.2 ያለው ሰው፦ 4.0 ሲቀነስ 3.2፣ 0.8፤ ለ2 ሲካፈል 0.4፤ በ3 ሲባዛ 1.2፤ 1 ሲደመር 2.2። በዚሁ መንገድ 3.5 ወደ 1.75፣ 3.25 ወደ 2.125፣ 3.0 ወደ 2.5፣ 2.75 ወደ 2.875 ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ከነጥቡ በኋላ ያለው አንድ አኃዝ ብቻ ነው፤ ቀሪው ወደ ላይ ሳይጠጋጋ ይቆረጣል፤ ስለዚህ 1.75 የሚነበበው 1.7 ተብሎ ነው። ለአመልካቹ የሚጠቅም አቆራረጥ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። አንድ ፕሮግራም «ቢያንስ 2.5» ካለ፣ የሚጠይቀው ሲጂፒኤ 3.0 ገደማ ነው። «ቢያንስ 2.0» ካለ 3.34 ገደማ ነው። 2.9 ይዞ 2.5 የሚጠይቅ ፕሮግራም ላይ 75 ዩሮ ማፍሰስ ሆን ብሎ መክሰር ነው፤ የሞቲቬሽን ደብዳቤው የቱንም ያህል ቢያምር ዩኒ አሲስት አያነበውም። ኤ ፕላስ ያላቸውም አይጓጉ፤ በኢትዮጵያ ኤ ፕላስም ኤም 4.0 ስለሆኑ ልዩነቱ በቀመሩ ውስጥ አይታይም።

ከቀመሩ በፊት ግን የተማሩበት ተቋም ራሱ መታወቅ አለበት። ይህ የሚታየው አናቢን በሚባለው የጀርመን መንግሥት የመረጃ ቋት ላይ ነው፤ ያለ ክፍያ ማንም ይፈልገዋል። ኤች ፕላስ የሚል ምልክት ያለው ተቋም ታውቋል ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ውስጥ ነው። ኤች ማይነስ ያለው አልታወቀም፤ ሁለቱም ምልክት ያለበት ደግሞ እንደየዲግሪው ይመረመራል። በተለይ ከግል ኮሌጅ የተመረቀ ሰው ይህን ሳያይ አንድ ሳንቲም መክፈል የለበትም።

ሬጅስትራሩና ስካነሩ

አብዛኞቹ አባል ዩኒቨርሲቲዎች በማመልከቻ ጊዜ የወረቀት ኮፒ አይጠይቁም፤ በቀለም የተቃኘ ፒዲኤፍ ማይ አሲስት በሚባለው ፖርታል ላይ ይጫናል፣ ዋናው የሚታየው ለምዝገባ ሲደርሱ ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አሠራር ከዚህ ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በተማሪው እጅ አይሰጥም፣ ታሽጎ በቀጥታ ወደሚጠይቀው ተቋም ይላካል ይባላል። ለተመራቂው የሚሰጠው ስቱደንት ኮፒ ነው። ዩኒ አሲስት ደግሞ ከሬጅስትራር የሚላክ ፖስታ አይጠብቅም፤ የሚፈልገው አመልካቹ ራሱ የሚጭነውን ስካን ነው።

መፍትሔው እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። የሬጅስትራር ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ ሁሉንም ሰሚስተር የያዘ ስቱደንት ኮፒ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ከተማሪ ፖርታል ላይ ወርዶ የታተመ፣ ማኅተም የሌለው ግሬድ ሪፖርት ግን አያስኬድም። የተሻለው ሁለት ኦፊሻል ማስወጣት ነው፤ አንዱን ከፍቶ መቃኘት፣ ሁለተኛውን እንደታሸገ ለምዝገባ ማስቀመጥ። ሬጅስትራሩ በእጅ አልሰጥም ካለ፣ የዩኒ አሲስትን «ሰነዱ በአመልካቹ ይጫናል» የሚለውን መመሪያ አትሞ ይዞ መሄድ ከክርክር ያድናል።

ሲቃኙ ሁለቱንም ገጽ። ብዙ የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕቶች የግሬድ ማብራሪያቸውን ከጀርባ ያትማሉ፤ ኤ ስንት እንደሆነ፣ ቢ ማይነስ ስንት እንደሆነ፣ ማለፊያው 2.0 መሆኑ የተጻፈው እዚያ ነው። ፊቱን ብቻ የቃኘ ሰው ለመርማሪው የቀመሩን ግማሽ ከልክሎታል። በስልክ የተነሳ፣ ጥላ ያረፈበት፣ ጠርዙ የተቆረጠ ምስልም ይመለሳል፤ የማኅተሙ ክብ ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት። አንድ ሰነድ በአንድ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕትና የቋንቋ ውጤት በአንድ ፋይል ተጠርዞ ሲጫን መርማሪው የሚፈልገውን ቦታው ላይ ስለማያገኝ «አልቀረበም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ዲግሪውን በተመለከተ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የኮስት ሼሪንግ ዕዳውን ካላጠናቀቀ ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም። ቴምፖራሪው፣ ማለትም ጊዜያዊው የምስክር ወረቀት፣ መመረቁን ስለሚያሳይ ለማመልከቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ምዝገባ ላይ ግን ዋናው ይጠየቃልና ዕዳውን እስከዚያ ድረስ ማስተካከል ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ፣ ኮርሱን ጨርሶ ፈተናውን ያላለፈ ሰው በእጁ ያለው የትራንስክሪፕት ወረቀት እንጂ ዲግሪ አይደለም። ገና በመጨረሻው ዓመት ላይ ያለ ተማሪ የሰባት ሰሚስተር ውጤት ይዞ ማመልከት የሚችለው ፕሮግራሙ በግልጽ ከፈቀደ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትም ስለሚጠይቁ አብሮ ይቃኝ፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ሰነድ ካለ በሕጋዊ ተርጓሚ ይተርጎም፤ በእንግሊዝኛ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይቀበላል።

የስሙ ጉዳይ። ፖርታሉ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የለንም። እዚህ ላይ ፍልስፍና ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም ቦታ ምን ጽፎ እንደሆነ አይቶ ያንኑ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። ዲግሪው ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ፣ 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ በሦስተኛ የተጻፈ ስም የተለመደ ነው። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ከሆነ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የአያት ስም በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ከጎደለ ወይም ስሙ ጭራሽ ሌላ ከመሰለ ግን አንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ አውጥቶ ከፓስፖርቱ ጋር መጫን ነው። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈበት ሰነድ ካለም ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ይለያያልና፣ ትርጉሙ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ዩኒ አሲስት የማይነግርዎት

ወረቀቱ ሁሉ አልፎም ፋይናንሺያል ኢኮኖሚክስ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ዩኒ አሲስት ዲግሪ እንዳለዎት ያያል፤ ያ ዲግሪ በውስጡ ስንት ክሬዲት ሂሳብ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስና ፋይናንስ እንደያዘ የሚቆጥረው የዩኒቨርሲቲው ፋካልቲ ነው። ስለዚህ «ሰነዱ ተሟልቷል፣ ለዩኒቨርሲቲው ተላልፏል» የሚል መልእክት መጥቶ ከሁለት ወር በኋላ «የትምህርት ዝግጅትዎ አይመጥንም» መባል ይመጣል። በዚህ ዩኒ አሲስትን መውቀስ ልክ አይደለም። ግን አመልካቹ ይህን ልዩነት የሚያውቅበት ቦታ ፖርታሉ ላይ በቂ ሆኖ አልተጻፈም፤ ከሰጠነው ነጥብ ከቀነስንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ምሩቅ በዚህ ረገድ ከሚገምተው በላይ የተዘጋጀ ነው። ማይክሮ 1 እና 2፣ ማክሮ 1 እና 2፣ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ማቴማቲካል ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ 1 እና 2 አሉት። ጉድለቱ ያለው በፋይናንስ በኩል ነው። የአካውንቲንግና ፋይናንስ ምሩቅ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፋይናንሺያል ማኔጅመንት፣ ኢንቨስትመንት፣ ፋይናንሺያል ኢንስቲትዩሽንስ ሞልቶታል፣ ኢኮኖሜትሪክስ ግን ብዙ ጊዜ የለውም፣ ማይክሮና ማክሮም መግቢያው ላይ ቆሟል። ፋይናንሺያል ኢኮኖሚክስ በባሕርዩ ከፋይናንስ ይልቅ ወደ ኢኮኖሚክስ ያደላል፤ የንብረት ዋጋ አተማመን የሚሰጠው በካልኩለስና በፕሮባቢሊቲ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ምሩቅ ማኔጅመንት ፋካልቲ ውስጥ ያለ የፋይናንስ ፕሮግራም ቢመርጥ ዕድሉ ይሰፋል።

ክሬዲቱን ራስዎ ይቁጠሩት። የጀርመን መስፈርት የሚጻፈው በአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ፣ በኢ ሲ ቲ ኤስ ነው፤ ለምሳሌ «በኳንቲታቲቭ ትምህርቶች ይህን ያህል» ይላል። አንዳንድ የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕቶች ኢ ሲ ቲ ኤስ ያሳያሉ፣ ሌሎቹ ክሬዲት አወር ብቻ ናቸው። በአገራችን ሥርዓተ ትምህርት 3 ክሬዲት አወር ያለው ኮርስ ብዙውን ጊዜ በ5 ኢ ሲ ቲ ኤስ ይጻፋል። በዚህ ስሌት ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ማቴማቲካል ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስና ሁለቱ ኢኮኖሜትሪክስ ተደምረው 30 አካባቢ ይመጣሉ። ይህን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ማቅረብ ይጠቅማል፦ የኮርሱ ስም በትራንስክሪፕቱ እንዳለ፣ ክሬዲቱ፣ ግሬዱ፣ ከየትኛው መስፈርት ጋር እንደሚሄድ። ከሥሩ ዲፓርትመንቱ ያተመውና ማኅተም ያረፈበት የኮርስ ማብራሪያ ይያያዝ። ሲላበስ ከመምህሩ በቴሌግራም የተላከ ከሆነ ማኅተም ስለሌለው ክብደቱ ያንሳል። የኮርስ ማብራሪያ ከዲፓርትመንት ማስወጣት ከትራንስክሪፕት በላይ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል መጀመሪያ የሚጀመረው ይህ ይሁን።

እንግሊዝኛውን ባጭሩ፦ አይኤልትስ አካዳሚክ 6.5 በብዙ ፕሮግራሞች የሚጠየቅ ውጤት ነው፣ የሚያገለግለውም ለሁለት ዓመት ነው። «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር» የሚለውን የሬጅስትራር ደብዳቤ የሚቀበል ፕሮግራም አለ፣ የማይቀበልም አለ። ዩኒ አሲስት የሚያየው ፕሮግራሙ የጻፈውን ነው፤ ደብዳቤው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ባዶ እጅ እንደመሄድ ነው።

ጊዜ

ክፍያና ሰነድ ከተሟላ በኋላ ምርመራው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ማኅበሩ ራሱ ከማብቂያው ቀን ቢያንስ ስምንት ሳምንት ቀድሞ ማስገባትን ይመክራል፤ ምክሩ የይስሙላ አይደለም። ሰነድ ከጎደለ የሚነገርዎት ሲመረመር ነው። በመጨረሻው ሳምንት ያስገባ ሰው የሚመረመረው ማብቂያው ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ የጎደለው ሲነገረው ማስተካከያ ጊዜ የለውም። ቀድሞ የገባው ግን ያንኑ የጎደለ ወረቀት ጭኖ ያልፋል። በአንድ ዓይነት ሰነድ አንዱ ሲያልፍ ሌላው የሚወድቀው በዚህ ነው።

በጥቅምት ለሚጀምረው የክረምት ሰሚስተር የተለመደው ማብቂያ ሐምሌ 8 (ጁላይ 15)፣ በሚያዝያ ለሚጀምረው የበጋ ሰሚስተር ጥር 7 (ጃንዋሪ 15) ነው። በዚህ ላይ ግን አይተማመኑ፤ ብዙ የእንግሊዝኛ ማስተርስ ፕሮግራሞች ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣው ወራት ቀድመው ይዘጋሉ። ሰዓቱም የጀርመን ነው። በሐምሌ ከእኛ አንድ ሰዓት፣ በጥር ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ የእነሱ 23፡59 በሐምሌ የእኛ ከሌሊቱ 6፡59፣ በጥር 7፡59 ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር እስከዚያ ሰዓት መጠበቅ ግን አይመከርም።

ስለ ድጋፍ አገልግሎቱ ብዙ የሚባል የለም። በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ ጨዋ ናቸው፤ በሥራ በሚበዛበት ወቅት መልሱ ይዘገያል፣ ሲመጣም ከድረ ገጹ የተገለበጠ የሚመስል አንቀጽ ነው። ጥያቄው «ስቱደንት ኮፒ ይሆናል ወይ?» ከሆነ ስቱደንት ኮፒ ምን እንደሆነ አያውቁትም፤ «ማኅተምና ፊርማ ያለው፣ ለተማሪ የሚሰጥ ሙሉ ትራንስክሪፕት» ብሎ ማስረዳት የተሻለ መልስ ያመጣል። የአመልካች ቁጥር የሌለበት ጥያቄ መልስ አይጠብቅ።

አዲስ አበባ ውስጥ «ዩኒ አሲስት እንሞላለን» የሚሉ ኤጀንሲዎች አሉ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፣ አይከብድም፤ በኢኮኖሚክስ ዲግሪ የያዘ ሰው ለዚህ መክፈል አይገባውም። አደጋው ከገንዘቡ ይበልጣል፤ ኤጀንሲው በራሱ ኢሜይል ከከፈተው «ይህ ሰነድ ይጎድላል» የሚለው መልእክት የሚደርሰው ለእሱ ነው፣ እሱም የሚያየው ሲመቸው ነው። የግድ ሰው ማሠራት ካስፈለገ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ የአመልካቹ ይሁኑ።

የመግቢያ ደብዳቤው ሲመጣ የዩኒ አሲስት ሥራ አብቅቷል፤ ቪዛው የኤምባሲው ጉዳይ ነው። እዚያ ስኮላርሺፕ የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብሎክድ አካውንት ውስጥ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ ውስጥ፣ ገንዘብ ማሳየት አለበት፤ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ መጠኑ በዓመት 11,904 ዩሮ፣ በወር 992 ነው። የማመልከቻውን 75 ዩሮ ያስቸገረው የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ እዚህ ላይ በመቶ እጥፍ ይመጣልና፣ ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው ማመልከቻውን ከመክፈሉ በፊት ቢያስብበት ይሻላል። የማስተርስ ቅበላው ካልተሳካ ደግሞ የተጫኑት ፋይሎች ማይ አሲስት ላይ ይቆያሉ፤ በሚቀጥለው ሰሚስተር እንደገና መቃኘት አያስፈልግም፣ አዲስ ክፍያ ግን ይጠየቃል። ከመክፈልዎ በፊት ባለፈው ጊዜ የመጣውን ደብዳቤ አውጥተው ያንብቡት፤ የወደቁት ዩኒ አሲስት ላይ ከሆነ የሚስተካከለው ወረቀቱ ነው፣ ፋካልቲው ላይ ከሆነ ግን የሚቀየረው ፕሮግራሙ ነው።